አራት ቀን በቦይ ዳር

መተሐራ ስንደርስ የተቀበለን አንድ ልጅ ብቻ ነው። ብስክሌቴን ከላይ እስከ ታች አየና «ጋሼ፣ በሰዓት ስንት ነው?» አለኝ። የሚከራይ መስሎት ነው። አራት ቀን ሙሉ ፀሐይ የጠበሰኝ፣ አፈር የለወሰኝ ሰውዬ ለልጁ ብስክሌት አከራይ ነኝ። ሳቅኩ። ጓደኛዬ መሳቂያ ጉልበት አልነበረውም። ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ነበር።

ነገሩን ያመጣው የእህቴ ልጅ ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ባለፈው ዓመት ቼሳፒክ ኤንድ ኦሃዮ በሚባል የድሮ ቦይ ዳር አምስት ቀን ብስክሌት ነዳና ዋሽንግተን ጆርጅታውን ሲደርስ ቪዲዮ ላከልኝ። ከከምበርላንድ እስከዚያ 297 ኪሎ ሜትር ነው። ቦዩ ቁፋሮው እ.ኤ.አ. በ1828 ተጀምሮ በ1850 ያለቀ ነው። ጀልባዎቹን የሚጎትቱት በዳሩ የሚሄዱ በቅሎዎች ነበሩ። ዛሬ ሰው ብስክሌት የሚነዳው በእነዚያ በቅሎዎች መንገድ ላይ ነው። ልጁ መጨረሻው ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። «ምን ሆኖ ነው?» አልኳት እህቴን። «ደስ ብሎት ነዋ» አለች። አልገባኝም።

ከዚያ ስለ ቦዩ ማንበብ ጀመርኩ። (ቢሮ ውስጥ፣ በሥራ ሰዓት። አለቃዬ ይህን ካነበበ ይቅርታ።) ጀልባዎቹ ከቀሩ በኋላ ቦዩ ዝም ብሎ ተኝቶ ነበር። በመስመሩ ላይ የመኪና መንገድ ይሠራ የሚል ሐሳብ መጣ። ዋሽንግተን ፖስት ሐሳቡን ደገፈ። ዊልያም ዳግላስ የሚባል የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በዚህ ተናደደና የጋዜጣውን ሰዎች መጥታችሁ አብራችሁኝ በእግራችሁ እዩት ብሎ ጋበዛቸው። ቦዩን ከላይ እስከ ታች በእግሩ ወረደው። መንገዱ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1971 ቦታው ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ተባለ።

ዳኛው የተጓዘው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በእኛ 1946 መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ቆም አልኩ። 1946 ለእኛ ቤት ተራ ዓመት አይደለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረበት ዓመት ነው። አባዬ ደግሞ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ወንጂ ውሃ ሲያጠጣ የኖረ ሰው ነው። ቦቲ ጫማ፣ አካፋ፣ ጧት ወጥቶ ማታ መግባት። ቦይ ዳር ነው ያደግኩት። ግን ቦይን እንደ ታሪክ አስቤው አላውቅም። ቦይ ማለት እናቴ «እንዳትጠጋ!» የምትለኝ ነገር ነው።

ማታ ለጓደኛዬ ደወልኩለት። «ከቆቃ እስከ መተሐራ በብስክሌት እንሂድ» አልኩት። «ሰክረሃል?» አለኝ። በነጋታው ግን ብስክሌቱን ጎሚስታ ቤት ወስዶ ሁለቱንም ጎማ አስቀየረ።

የወጣነው ከጥምቀት በኋላ ነው። አዳማ በዚያ ሰሞን ነፋሷ ሌላ ነው። ለዚህ እኮ ነው ኮረብታው ላይ እነዚያን የንፋስ ተርባይኖች የተከሉት። ለመብራት ጥሩ ነው፣ ለብስክሌት ግን እርግማን ነው። ወደ ቆቃ ስንሄድ ፊት ለፊት ገጠመን። ቁልቁለት ላይ ሁሉ ፔዳል መምታት ነበረብን። ልጆች ሄልሜታችንን ሲያዩ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ይሉ ነበር። አንዱማ «ቻይና!» አለን። አገራችን እኮ መጀመሪያ ኦሊምፒክ ስትሄድ፣ ሜልቦርን እ.ኤ.አ. 1956 ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካለች። ገረመው ደንቦባ ከእነሱ አንዱ ነው። ይህን ግን ለሕፃናት እየቆሙ ማስረዳት አይቻልም።

የቆቃ ግድብ በ1952 ያለቀ ነው። ጣሊያን በጦርነት ካሳ የሠራችው። 43 ሜጋ ዋት ነው የሚያመነጨው። ዛሬ ላይ ትንሽ ነው፤ የያኔው አገር ግን በዚህ ነው የበራው። ለእኔ ግን መብራቱ ሳይሆን ውሃው ነበር ቁም ነገሩ። አዋሽ ድሮ ክረምት ሲሞላ የወንጂን ሜዳ ያጥለቀልቀው ነበር፤ በጋ ላይ ደግሞ ይሳሳል። ግድቡ ይህን ወንዝ ልክ አስያዘው። ሐይቁ ራሱ አሁን አፈር እየሞላው ነው። ከደጋው የሚታጠበው ደለል እዚያ ገብቶ ይተኛል። አንድ ዓሣ አጥማጅ «ድሮ እዚህ ጋ ጀልባ ነበር» ብሎ ከብት የሚግጥበትን ቦታ አሳየን።

ከዚያ በኋላ ወንጂ።

ሸንኮራ አገዳ መሐል በብስክሌት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? በግራም በቀኝም ከራስ በላይ አረንጓዴ ግድግዳ ነው። ነፋሱ ወዲያው ይሞታል። የሚሰማው የቅጠሉ መንሿሿትና የራስህ ትንፋሽ ብቻ ነው። ከሩቅ አገዳ እየተቃጠለ ነበር። ከመቁረጣቸው በፊት ቅጠሉን ያቃጥሉታል። ጥቁር ብናኝ ከሰማይ እየተንሳፈፈ ይወርዳል። እናቴ ልብስ አጥባ አስጥታ ይሄ ነገር ሲመጣ የምትናገረውን እዚህ አልጽፈውም።

ይህን ሁሉ የጀመሩት ሆላንዶች ናቸው። ኤች ቪ ኤ የሚባል ኩባንያ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ የስኳር እርሻ የነበራቸው፣ አገሩ ነፃ ሲወጣ ሌላ ቦታ የፈለጉ ሰዎች ናቸው። ከንጉሡ መንግሥት ጋር ተዋውለው 5,000 ሄክታር ወሰዱ። ወንጂ በ1946፣ ሸዋ የሚባለው ሁለተኛው ፋብሪካ ደግሞ በ1955 ተከፈተ። ልጅ ሆነን የላስነው ደስታ ከረሜላ የዚሁ የወንጂ ሥራ ነው። በ1967 ደርግ ወረሰው። ሁለቱም አሮጌ ፋብሪካዎች አሁን ዘግተዋል፤ አገዳው የሚሄደው ዶዶታ ወዳለው አዲሱ ነው። ቦዩ ግን ያው ቦይ ነው።

ዋናው ቦይ ጋ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ አስቆሙን። ሽማግሌ ናቸው። ጋቢ ደርበው፣ ዱላቸውን መንገዱ ላይ አጋድመው።

«ወዴት ነው?»

«ቦዩን ለማየት ነው አባባ።»

«ቦይ ምን ይታያል?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። «የወንጂ ልጅ ነኝ» አልኩ። ካምፑን በፊደሉ ጠራሁላቸው። የወንጂ ካምፖች ስማቸው ፊደል ነው፤ ሰው ከየት ነህ ሲባል ፊደል ይጠራል። «የማን ልጅ?» አሉ። የአባዬን ስም ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ሳቁ። ሲስቁ ጥርሳቸው ታየኝ። በልዟል፣ ቡናማ ነው። የአባዬ ጥርስ ነው።

የወንጂ ሰው ይህን ያውቃል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ከእሳተ ገሞራ ዓለቱ የሚመጣ ነው። ሕፃን ሆነህ ከጠጣኸው ጥርስህን ያበልዘዋል፤ ብዙ ዓመት ከጠጣኸው ደግሞ አጥንት ውስጥ ገብቶ ያደርቅሃል። አንገታቸውን ማዞር ስለማይችሉ ሲጠሯቸው ሙሉ ገላቸውን ይዘው የሚዞሩ ሰዎች ልጅ ሆኜ አውቃለሁ። እርጅና ይመስለኝ ነበር። ውሃው ኋላ ላይ መጣራት ጀመረ። የእነ አባዬ ዕድሜ ግን ጠጥቶ ጨርሶ ነበር። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አገዳ ሲያጠጣ ኖሮ፣ የራሱ የሚጠጣው ውሃ አጥንቱን ሲበላው… ተውት። ስለ ብስክሌት ነው የምጽፈው።

ሽማግሌው ዱላቸውን አነሱ። «አባትህ ቅጠል ይጥል ነበር» አሉኝ። «አሁንም ይጥላል?»

ረስቼው ነበር። አባዬ ቦይ ዳር 20 እርምጃ ይለካና ጫፉ ላይ ቆሞ ደረቅ የአገዳ ቅጠል ውሃው ላይ ይጥላል። ከዚያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» እያለ አብሮት ይሄዳል። ቅጠሉ ሌላው ጫፍ ሲደርስ ቁጥሩን ይይዛል። በዚያ ቁጥር ውሃው ደህና መሆን አለመሆኑን ያውቃል። ውሃው ከአዋሽ በፓምፕ ተስቦ ዋናው ቦይ ይገባል፤ ሌሊት ኩሬ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ወደ ትናንሾቹ ቦዮች፣ ከትናንሾቹ ወደ ትልሙ ይከፋፈላል። መሐል ላይ አንድ ቦታ ከዘገየ የመጨረሻው ትልም ሳይጠጣ ያድራል። እኛ ልጆቹ እያንዳንዳችን ቅጠል ጥለን እንወራረድ ነበር። የእኔ ሁልጊዜ ዳር ሄዶ ይቀራል።

እናም ቅጠል ጣልኩ። በብስክሌት ልከተለው ፈለግኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተማርኩ፤ ብስክሌት በውሃ ፍጥነት አይነዳም። ይወድቃል። መሪው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ… ሰባት ስቆጥር ፊተኛው ጎማ ከዳሩ ተንሸራተተ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። ብስክሌቱ ላዬ ላይ ነው። ሽማግሌው አልተንቀሳቀሱም። «አባትህ በእግሩ ነበር የሚሄደው» አሉ ብቻ።

የቀረውን ቦይ ብስክሌቱን እየገፋሁ ሄድኩ። ጓደኛዬ መጀመሪያ ተነጫነጨ። «እኔ ብስክሌት ልነዳ ነው የመጣሁት፣ ላስታምም አይደለም!» በኋላ እሱም ወረደ። ሁለት ሰዓት ያህል ምንም ሳንነጋገር ተጓዝን። ከአራቱ ቀን ውስጥ አሁንም ዓይኔ ላይ ያለው ያ ሁለት ሰዓት ነው። ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል። የሚሄድ አይመስልም። ቀና ብለህ አገዳውን ታይና ስትመለስ ግን ቅጠልህ የለም።

ያን ሌሊት ወንጂ አክስቴ ቤት አደርን። ጭቃውን አይታ «አሁንም ቦይ ውስጥ ትወድቃለህ?» አለችኝ። የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ነኝ።

ስለ ሶደሬ ብዙ የምለው የለኝም። ፍልውሃው ጥሩ ነው። ጦጣዎቹ ሌቦች ናቸው። ጓደኛዬ ዳቦ በእንቁላል ይዞ ፎቶ ሊነሳ ሲዘጋጅ አንዷ ከኋላው መጥታ ወሰደችበት። ዛፍ ላይ ወጥታ እያየችው እንቁላሉን ለይታ በላች። ዳቦውን ወረወረችለት።

ሦስተኛው ቀን ላይ ፈተናው መጣ። ከሶደሬ ወንዙን ተከትለን ልንወርድ ነበር ያሰብነው። መንገዱን የሚያውቁ ሰዎች ጠይቀን ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ስለዚህ ወደ አዳማ ተመልሰን የጅቡቲን መንገድ መያዝ ነበረብን። ያም ማለት በገዛ ቤታችን በር ማለፍ ማለት ነው። አስቡት፤ ሦስት ቀን ተጉዘህ፣ መቀመጫህ ቆስሎ፣ አልጋህ ከመንገዱ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ነው። ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችን። ቆሎና ሁለት ሀይላንድ ውሃ ሰጠችን። «ግቡና አረፍ በሉ» አለች። ጓደኛዬ አየኝ። እኔም አየሁት። እሷ ነገሩ ገባት። «ወይ ሂዱ፣ ወይ ግቡ፤ በር ላይ አትቁሙ፤ ጎረቤት ያያል» አለችና ሳቀች። ሄድን። እስከ ወለንጪቲ ድረስ ጓደኛዬ ያወራው ስለ አልጋዬ ነው። የራሱን ሳይሆን የእኔን።

የጅቡቲን መንገድ በብስክሌት ለማንም አልመክርም። ተሳቢዎቹ በሰልፍ ነው የሚመጡት። አንዱ ሲያልፍ ነፋሱ መጀመሪያ ይገፋሃል፣ ከዚያ ይስብሃል። አስፋልቱን እየለቀቅን ጠጠር ላይ ገባን፣ ወጣን። ጠጠሩ ላይ ደግሞ የግራር እሾህ አለ። በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ጎማ ጠጋገንን። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ማስቲሽ አለቀብን። አንድ የሲኖትራክ ሹፌር ቆሞ የራሱን ሰጠን። «በስንት ብር ተወራርዳችሁ ነው?» አለን። ያለ ውርርድ ነው ስንለው አላመነም። ማስቲሹን ተወልንና «እግዜር ይማራችሁ» ብሎን ሄደ። ለሕመምተኛ እንደሚባለው።

ከመንገዱ ጎን የድሮው የባቡር ሐዲድ አለ። ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ቦታ ቦታ ላይ ሣር ውጦታል፣ ቦታ ቦታ ላይ ብረቱ ራሱ የለም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ መስመር ይሄዳል። የእህቴ ልጅ አገር ቢሆን ይሄም ሐዲድ የብስክሌት መንገድ ይሆን ነበር ብዬ አሰብኩ። ወለንጪቲ ላይ ምሳ ስንበላ ይህን ለባለ ምግብ ቤቷ አልኳት። «ብረቱ ይሻላል፤ ቢያንስ ይሸጣል» አለችኝ። ዳኛ ዳግላስ እሷን ምን ብሎ እንደሚያሳምናት አላውቅም።

ከወለንጪቲ ወደ መተሐራ አገሩ ይወርዳል። በአዳማና በመተሐራ መካከል ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል አለ። ያ የአሜሪካ ቦይ ለ184 ሜትር ያህል ከፍታ ብቻ ጀልባ ከፍ ዝቅ የሚያደርጉ 74 የውሃ በሮች አሉት። የእኛ መንገድ በር የለውም። ሙቀቱ ነው የሚነግርህ። ጃኬት ወለቀ፣ ሹራብ ወለቀ፣ ከዚያ የሚወልቅ ነገር ጠፋ።

መተሐራ ከመግባትህ በፊት በሰቃ ሐይቅ አለ። መንገዱ ሐይቁ ላይ የሚሄድ ነው የሚመስለው። በ1950ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሐይቅ አሁን ከ40 በላይ ሆኗል። መንገዱንም ሐዲዱንም ስለደረሰባቸው ከፍ ማድረግ ግድ ሆኗል። ለምን አደገ የሚለው ላይ ባለሙያዎች ይከራከራሉ። ከሥር የሚገባው የፍልውሃ ምንጭ ነው የሚሉ አሉ፤ ከመስኖ እርሻው የሚሰርገው ውሃ ነው የሚሉም አሉ። ውሃው ጨዋማ ነው። አገዳ አያበቅልም። የሞቱ ዛፎች ውሃው መሐል ቆመዋል፤ ቅርንጫፋቸው ላይ ወፎች አሉ። ያምራል፤ ለማማሩ እፍረት ቢጤ ተሰማኝ።

ያም ሆነ ይህ ደረስን። ልጁ በሰዓት ስንት ነው አለን። ጓደኛዬ ጥላው ሥር ተዘረረ። እኔ ቁጭ ብዬ ለቅሶውን ጠበቅኩ። እንደ እህቴ ልጅ የሆነ ነገር ይመጣል ብዬ። አልመጣም። የመጣው ረሃብ ነው። አንድ ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁ። ከዚያ አባዬ ጋ ደወልኩ።

«አባዬ፣ ጨረስን! መተሐራ ነን።»

«እሰይ። ቦዩ እንዴት ነው?»

«የቱ ቦይ?»

«የመተሐራው ነዋ። እነሱ እኮ ፓምፕ የላቸውም፤ ከአዋሽ ራሱ ቁልቁል ነው የሚወስዱት። ደለሉን ጠርገውታል?»

«አላየሁትም። ከተማው ውስጥ ነው ያለነው።»

ትንሽ ዝም አለ። «ታዲያ ምኑን ነው የጨረስከው?» አለ።

ተሰደብኩ ማለት ይቻላል። ብስክሌቱን አነሳሁ። ጓደኛዬ አንድ ዓይኑን ገልጦ «ወዴት?» አለ። «መጣሁ» አልኩት። መቀመጥ ስላልቻልኩ ቆሜ ነዳሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አገዳው ከሚጀምርበት ቦታ፣ ከመንገዱ ዳር አንድ ቦይ አገኘሁ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

«20 እርምጃ ለካ» አለ አባዬ። ለካሁ። «ቅጠል ጣል። መሐሉ ላይ፤ እንደ ልጅነትህ ዳር ላይ አይደለም።»

ጣልኩ። ብስክሌቱን ሣር ላይ ትቼ በእግሬ ሄድኩ። እሱም በስልክ አብሮኝ ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሠላሳ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አርባ ስደርስ መቁጠር አቆመ፤ እኔ ብቻ ቀጠልኩ። ቅጠሉ ሲደርስ አርባ ስድስት ነበር።

«እኔ የማውቀው ወንጂን ነው» አለ። «ግን ይሄ ይዘገያል። ከሥር ሣር አለበት።»

ተንበርክኬ እጄን እስከ ክርኔ ውሃው ውስጥ ከተትኩ። አለበት።